ቢጂፒ ተገናኝቶ መስመሮቹ ሳይገቡ ሲቀሩ

በሲስኮ ራውተር ላይ የቢጂፒ (ራውተሮች የኔትወርክ መስመሮችን የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) ግንኙነቱ ተመሥርቷል። ከጎረቤቱ የሚላኩት የቅርንጫፍ አድራሻዎች፣ 10.20.1.0/24ና ተከታዮቹ፣ ግን በማዞሪያ ሰንጠረዡ ውስጥ አንዳቸውም አይታዩም።

ግንኙነቱን አቋርጦ ማስጀመር፣ ራውተሩንም አጥፍቶ ማብራት ለውጥ አላመጣም። የኔክስት ሆፕ (ፓኬቱ ቀጥሎ የሚላክበት ራውተር) አድራሻውም ያለ ችግር ይደረስበታል።

ፍንጩ የተገኘው ለጎረቤቱ «ሶፍት ሪኮንፊጉሬሽን ኢንባውንድ» የሚለውን ትእዛዝ ከጨመርሁ በኋላ ነው፤ ራውተሩ ሳያጣራ የተቀበለውን ሁሉ እንዲይዝ ያደርጋል። መስመሮቹ በሙሉ ደርሰዋል! የሚጥላቸው የመግቢያ ማጣሪያው ነበር።

ማጣሪያው የሚጠቀምበት ፕሪፊክስ ሊስት (የሚፈቀዱና የሚከለከሉ አድራሻዎች ዝርዝር) የሚፈቅደው 10.20.0.0/16ን ነው። ሲያዩት በውስጡ ያሉትን ሁሉ የሚያሳልፍ ይመስላል፤ የሚያሳልፈው ግን ርዝመቱ (ከ«/» በኋላ ያለው ቁጥር) ልክ 16 የሆነውን ብቻ ነው። ሌላው በዝርዝሩ መጨረሻ ባለው፣ በማይጻፈው ክልከላ ይወድቃል።

የሠራው፣ በዝርዝሩ ውስጥ ከዚያ ትእዛዝ በፊት በተራ ቁጥር 5 «ፐርሚት 10.20.0.0/16 ኤል-ኢ 24» ማስገባት ነው፤ «ኤል-ኢ 24» ርዝመታቸው እስከ 24 የሆኑትንም ያሳልፋል። እባካችሁ አሮጌውን ትእዛዝ ቀድማችሁ አታጥፉ፤ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ሁሉም ነገር ያልፋል፤ ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው ችግር የከፋ ነው። ቀጥሎ «ክሊር አይፒ ቢጂፒ»፣ የጎረቤቱ አድራሻ፣ «ሶፍት ኢን» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁ፤ የገቡትን በአዲሱ ማጣሪያ እንደገና ያጣራል። ግንኙነቱ ሳይቋረጥ መስመሮቹ ገቡ።