ታኅሣሥ 19 በካላንደር የሥራ ቀን ነው

ድሬዳዋ ውስጥ በፋብሪካ ወይም በሆቴል በፈረቃ የምትሠሩና ቁልቢ ለመሄድ ስለት ያለባችሁ፣ የገብርኤል ንግሥ የሕዝብ በዓል ስላልሆነ ፈቃዱን ከኅዳር ጀምራችሁ አስተካክሉ። ታኅሣሥ 15 ላይ ስትጠይቁ ግማሹ ክርስቲያን ሠራተኛ ቀድሟችሁ ይገኛል።

የዓመት ፈቃድ ካላችሁ አንድ ቀን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከሌላችሁ ፈረቃ ተቀያየሩ። ለዚህ የሚመቸው ሙስሊም ባልደረባ ነው፣ በምላሹ እናንተ የእሱን ኢድ ትሸፍናላችሁ። ስምምነቱን በቃል አትተዉት። የሁለታችሁን ስም፣ ቀኑንና የፈረቃውን ሰዓት ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሱፐርቫይዘሩም ይፈርምበት። ፊርማው ከሌለ ተተኪው ቢቀር «ቀሪ» ተብሎ የሚመዘገበው የእናንተ ስም ነው።

የኢዱን ቀን በቁጥር አትጻፉ፤ በጨረቃ ስለሚወሰን «የኢድ አልፈጥር ዕለት» ይበል። ብዙዎች የሚዘነጉት የክፍያው ነገር ነው፦ ኢድ የሕዝብ በዓል ስለሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሠራ ሰው የሰዓት ደመወዙ በ2 ተባዝቶ ይከፈለዋል፣ ታኅሣሥ 19 ግን እንደ ተራ ቀን ይታሰባል። ትርፉ የእናንተ ይሆናልና አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከፈለገ በኢድ ፈንታ ሌላ ተራ ቀን ሥሩለት።

የሐሰት የሕመም ወረቀት ይዞ ለንግሥ መሄድ ግን ምን ዓይነት ስለት ነው? ማታ መንገዱ ስለሚጨናነቅ የ20ን ጠዋት ፈረቃም አብራችሁ ወደ ከሰዓት አዛውሩ።