የቲቪ ምስል ሲለጠጥ፣ ሲቆረጥ ወይ ሲያንስ፡ ችግርና መፍትሄ

ምስሉ ሲበላሽ ብዙ ሰው ሪሞት አንስቶ ዙም የሚለውን ደጋግሞ ይጫናል፣ አንዳንዴ ይሳካል ብዙ ጊዜ ግን ነገሩን ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም ምስሉን ሚለጥጠው ወይ ሚቆርጠው ሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ቲቪው ራሱ ነው ሌላው ደሞ ቲቪው ላይ የተሰካው እቃ፣ ሪሲቨር በሉት ላፕቶፕ በሉት ጌም። አንዱ ያበላሸውን በሌላኛው እናስተካክል ስትሉ ሁለቱም ተዛብተው ያርፉታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥፋተኛውን ለዩ። የሪሲቨሩን ሜኑ ክፈቱ። ሜኑውም አብሮ ጠርዙ ከተቆረጠ ወይ ከተለጠጠ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ቲቪው ጋ ነው። ሜኑው ስክሪኑን ሞልቶ በደንብ እየታየ ቻናሉ ብቻ ከተበላሸ ደሞ ሪሲቨሩ ነው ወይ ቻናሉ። ሌላ ቻናል ላይ ሰላም ከሆነ በቃ ቻናሉ እንደዛ አድርጎ ነው ሚልከው፣ ሴቲንግ መነካካት አያስፈልግም።

ሰዎቹ ወፍራምና አጭር ሆነው ሲታዩ

ይሄ የድሮው 4:3 ምስል (ወርዱ 4 ከሆነ ቁመቱ 3 ማለት ነው) የአሁኑን ሰፊ 16:9 ስክሪን እንዲሞላ ተጎትቶ ነው። ወደ ጎን አንድ ሦስተኛ ያህል ይሰፋል፣ ፊት ሁሉ ያበጠ ይመስላል። ፒክቸር ሳይዝ ወይ አስፔክት ሬሾ ውስጥ ገብታችሁ 4:3 ወይ ኦሪጅናል ሚለውን ምረጡ። ግራና ቀኝ ጥቁር ይመጣል፣ ይምጣ፣ ትክክለኛው እሱ ነው። በተቃራኒው ሰዎቹ ቀጭንና ረጃጅም ከሆኑ ሰፊው ምስል 4:3 ውስጥ ተጨምቋል ማለት ነው፣ ወደ 16:9 መልሱት። በዓይናችሁ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ክብ ነገር ፈልጉ፣ የግድግዳ ሰዓት ወይ ክብ የሆነ የቻናል ሎጎ፣ ከዛ ማስመሪያ ስክሪኑ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አስጠግታችሁ ቁመቱንና ወርዱን ለኩ። እኩል ካልመጣ ተለጥጧል።

ጠርዙ ሲቆረጥ

በጣም የተለመደውና በጣም ሚያናድደው ይሄ ነው። የኳስ ውጤት ከጥግ ግማሹ ይጠፋል፣ ከታች ሚሮጠው ዜና የፊደሉ እግር አይታይም፣ ላፕቶፕ ስትሰኩ ደሞ የታችኛው ባር ከነ ሰዓቱ ይሰወራል። ስሙ ኦቨርስካን ይባላል። ሆዳቸው የተነፋ የድሮ ቲቪዎች ጠርዛቸው ላይ ምስሉ ጥርት አይልም ነበር፣ ስለዚህ ሆን ተብሎ ትንሽ ጎላ ተደርጎ ጠርዙ ከስክሪኑ ውጪ ይደበቅ ነበር። ጠፍጣፋ ስክሪን ይሄ ምንም አያስፈልገውም ግን ልማዱ ቀርቶ አልቀረም፣ ብዙ ቲቪ እስካሁን ከፋብሪካ ሲወጣ በርቶ ነው ሚመጣው።

ማጥፊያው በየብራንዱ ስሙ ስለሚለያይ ነው ሰው ሚያጣው። ሳምሰንግ ላይ ፒክቸር ሳይዝ ሴቲንግስ ውስጥ 16:9 ስታንዳርድ ታደርጉና ፊት ቱ ስክሪን ሚለውን ታበራላችሁ። ኤልጂ ላይ አስፔክት ሬሾ ውስጥ ጀስት ስካን ነው። ሶኒ ላይ ዲስፕሌይ ኤሪያ ሚለውን ፉል ፒክስል ማድረግ። ሌላ ብራንድ ከሆነ ደሞ ኦቨርስካን ኦፍ፣ ዶት ባይ ዶት፣ ስክሪን ፊት ምናምን ከሚሉት አንዱን ፈልጉ። ላፕቶፕ ከሆነ የተሰካበትን ኤችዲኤምአይ ስሙን ፒሲ ብላችሁ ቀይሩት፣ ብዙ ቲቪ ላይ ይሄ ብቻውን ይፈታዋል።

ላፕቶፑ ላይ ምስሉን ማሳነሻ አለ፣ እሱን ግን መጨረሻ ላይ ተዉት። ላፕቶፑ አሳንሶ ይልካል ቲቪው መልሶ ያጎላል፣ ልኩ ይመጣል ግን ፊደሉ ሁሉ ይደበዝዛል። ደሞ ብዙ ቲቪ ላይ ሴቲንጉ ለእያንዳንዱ ኢንፑት ለብቻው ነው ሚያዘው፣ ኤችዲኤምአይ 1 ላይ ያስተካከላችሁት 2 ላይ ላይሰራ ይችላል።

ከላይና ከታች ብቻ ጥቁር ሲሆን

ፊልም ከሆነ ችግር አይደለም። ብዙ የሲኒማ ፊልም 2.39:1 አካባቢ ስለሆነ ከቲቪው ይሰፋል፣ 1080 መስመር ካለው ስክሪን ላይ ምስሉ ሚይዘው 800 ገደማውን ነው። ዙም አድርጋችሁ ከሞላችሁት ከወርዱ ሩቡ ያህል ይቆረጣል፣ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ አንደኛው ግማሽ ፊት ሆኖ ይቀራል፣ ሰብታይትሉም ሊጠፋ ይችላል። እኔ ጥቁሩን እመርጣለሁ። በስልክ ቆሞ የተቀረጸ ቪዲዮ ግራና ቀኙ ባዶ መሆኑም ያው ነው፣ ተዉት።

በአራቱም በኩል ጥቁር ሲከበው

እዚህ ጋ ጥቁሩ ሁለቴ ተጨምሯል። ብዙ ጊዜ ሪሲቨሩ ቲቪው 4:3 ይመስለዋል፣ ሰፊውን ምስል ለማስገባት ከላይና ከታች ጥቁር ይጨምራል፣ ቲቪው ደሞ የመጣለትን 4:3 ብሎ ጎንና ጎኑን ያጠቁረዋል። ሪሲቨሩ ውስጥ ቲቪ ሴቲንግ ግቡና 4:3 ሌተርቦክስ ተብሎ ከሆነ 16:9 አድርጉት፣ ቲቪውንም 16:9። 4:3 ፓን ስካን ተብሎ ከነበረ ደሞ ግራና ቀኙን ሲቆርጥ ነበር ማለት ነው፣ እሱንም ቀይሩ። ቀይ ነጭ ቢጫውን የኤቪ ገመድ ምትጠቀሙ ሰዎች ሁለቱንም በእጅ ማስተካከል አትርሱ፣ ራሱ ያውቀዋል ብላችሁ አትጠብቁ።

ፒክቸር ሳይዝ ግራጫ ሆኖ አልነካ ሲል

ቲቪው ውስጥ ካሉት አፖች እያያችሁ ከሆነ ብዙዎቹ ሳይዝ አያስቀይሩም፣ ምስሉ በሚላክበት ልክ ነው ሚያሳዩት። የተበላሸውም አፑ ብቻ ከሆነ ዘግታችሁ ክፈቱት። የቲቪው የራሱ ሜኑ ጭምር ተጎልቶ ከስክሪን ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ማጉያው በርቶ ይሆናል፣ እሱን አጥፉ።

ሁሉም ካልሰራ ፒክቸር ሪሴት አለ። ከመጫናችሁ በፊት ግን ያላችሁበትን ብራይትነስና ከለር በስልክ ፎቶ አንሱት፣ አብሮ ይጠፋልና።