አውቶክሮስ በጎንደር፦ ባዶ ሜዳ ላይ የማሽከርከር ችሎታን እንዴት ማሳደግ ይቻላል

መኪና ሲንሸራተት እጅና እግር ምን ማድረግ እንዳለባቸው መንገድ ላይ መማር አይቻልም። ቁልቁለት ላይ ጎማ ሲያዳልጥ ወይም ከፊት ልጅ ዘው ሲል ለማሰብ የሚተርፍ ጊዜ የለም። ሾፌሩ የሚያደርገው ሰውነቱ አስቀድሞ የለመደውን ብቻ ነው። አውቶክሮስ ይህንን ልምድ ግንብና እግረኛ በሌለበት ቦታ የሚያስገኝ ስፖርት ነው። ሰፊ አስፋልት ወይም ኮንክሪት ላይ በፕላስቲክ ኮን መንገድ ይሠራል፣ መኪኖች አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ሰዓት ይያዛል፣ ኮን የገጨ ቅጣት ይደመርበታል። ፍጥነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛ ማርሽ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ «ሶሎ» በሚል ስም ብሔራዊ ውድድሩን ከ1973 ጀምሮ ያካሂዳል። ከውድድሩ ጎን ለጎን ደግሞ አሠልጣኝ አጠገብ ተቀምጦ የሚመራባቸው የጀማሪ ትምህርት ቤቶች አሉ። እነዚያ ትምህርት ቤቶች የሚያሠሯቸውን መልመጃዎች እዚህ ጎንደር በአንድ ቪትዝ ወይም ኮሮላ፣ በሃያ ባዶ ጀሪካንና በአራት ሰው መሥራት ይቻላል።

ሜዳው

ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ከሁሉም የሚከብደው ቦታ ማግኘት ነው። ወደ አዘዞ በኩል መሬቱ ደልደል ይላል። የጭነት መኪና ማቆሚያ ወይም ሰፊ የመጋዘን ግቢ ያለው ድርጅት ካገኛችሁ በሥራ በማይበዛበት ሰዓት እንዲፈቅድላችሁ ጠይቁ። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። ለትራፊክ ፖሊስም አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ የጎማ ጩኸት የሰማ ጎረቤት መደወሉ አይቀርም። የሕዝብ መንገድ ላይ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ አይሞከርም።

ቢያንስ 120 ሜትር ርዝመትና 40 ሜትር ስፋት ያስፈልጋል። ዙሪያውን በእግር ሂዱና ጉድጓድ፣ ክፍት ቦይ፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝና የተበተነ ጠጠር ፈልጉ። መኪና ለጥ ባለ አስፋልት ላይ ሲንሸራተት ብዙ ጊዜ ተንሸራትቶ ይቆማል። የሚገለብጠው በጎን እየሄደ ጎማው ከጠርዝ ወይም ከጉድጓድ ጋር ሲላተም ነው። ስለዚህ ጠርዝ ያለበትን ጥግ ጨርሶ አትጠቀሙበት። ከግንብ፣ ከምሰሶና ከቆመ መኪና ቢያንስ 15 ሜትር ራቁ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ 40 ሜትር ባዶ ተዉ። ጠጠሩን በመጥረጊያ ጥረጉ።

ለኮን የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በቂ ነው። ታችኛው ላይ ሁለት እፍኝ አሸዋ ጨምሩ፣ ያለበለዚያ ነፋስ ይወስደዋል። ድንጋይ ግን እንዳታስገቡ፤ ሲገጭ ይፈናጠራል፣ የመኪናውንም የታችኛውን ክፍል ይጎዳል። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አይሆንም፣ ከኮፈኑ በታች ስለሚሆን ሾፌሩ አያየውም። እያንዳንዱን ጀሪካን ካቆማችሁ በኋላ በእግሩ ዙሪያ በጠመኔ አስምሩ። የወደቀውን ቦታው ላይ የምትመልሱትም፣ ተገጨ አልተገጨ የሚለውን ክርክር የምትቋጩትም በዚያ መስመር ነው።

መኪናው

ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ፒካፕና ረጃጅም የቤት መኪኖች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ክብደታቸው ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ በድንገት ሲጠመዘዙ የመገልበጥ አደጋ አላቸው። ትንንሽና ዝቅ ያሉ አውቶሞቢሎች ይሻላሉ።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ይህ ለተማሪ ጥቅም ነው። በነዳጅ የሚሸፈን ስህተት ስለማይኖር ፍጥነቱን ሳያባክን የሚዞር ሾፌር ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ለሞተር ማጠናከሪያ፣ ለሰፊ ጭስ ማውጫና ለመሳሰሉት የምታወጡት ገንዘብ ካለ ጎማና የፍሬን ሸራ ግዙበት።

ከመግባታችሁ በፊት የጎማ ብሎኖቹን በመፍቻ አጥብቁ፣ የፍሬን ዘይት እዩ፣ ጎማ ላይ ሽቦ የታየበት ወይም ያበጠ ነገር ካለ ቀኑን ሰርዙት። የመሪ ጫፎችና የፊት እግር ልቅነት ካላቸው መካኒክ ሳያያቸው አትግቡ። ከዚያ መኪናውን ባዶ አድርጉ፦ ክሪክ፣ ስኮርታ፣ የወንበር ሥር ዕቃ፣ ያልታሰረ ምንጣፍ። በተለይ ወንበር ሥር የተረሳ የውኃ ሃይላንድ አደገኛ ነው። ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ተንከባልሎ ፔዳሉ ሥር ከገባ ፍሬኑ ወደ ታች አይወርድም። በነጠላ ጫማ አይነዳም። ቀበቶ ግዴታ ነው፣ የሞተር ሳይክልም ቢሆን ሄልሜት አድርጉ።

የጎማ አየር በበሩ ምሰሶ ላይ ካለው ተለጣፊ ይጀመራል። ጎሚስታ ዘንድ ስትሄዱ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ የፊቶቹን ከዚያ በ4 ፒኤስአይ ከፍ አስደርጉ፤ ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን አትለፉ። ከዚያ የጎማው መርገጫ ከጎኑ ጋር በሚገናኝበት ትከሻ ላይ በጠመኔ ወደ ጎን የሚወርድ መስመር አስምሩ። ሁለት ሦስት ዙር ሄዳችሁ ስትመለሱ ጠመኔው ጎኑ ድረስ ተፍቆ ከሆነ ጎማው እየተጣጠፈ ነውና 2 ጨምሩ። ትከሻውን ጨርሶ ካልነካው አየሩ በዝቷልና ቀንሱ። ወደ ቤት ስትመለሱ ወደ ነበረበት መልሱት።

አቀማመጥ

ትከሻችሁ ወንበሩን ሳይለቅ የእጅ አንጓችሁ የመሪው አናት ላይ መድረስ አለበት። ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ ይቅር። ሁለት እጅ መሪው ግራና ቀኝ፣ መሀል ለመሀል። ተደግፎ በአንድ እጅ መንዳት ከተማ ውስጥ ሊያምር ይችላል፤ እዚህ መኪናው የሚልከውን መልእክት ይደብቃል።

ፍሬንና ክብ

መጀመሪያ ፍሬን። በሁለት ጀሪካን በር ሥሩ፣ በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ግቡ፣ በሩ ላይ ስትደርሱ በሙሉ ኃይል ርገጡ። ደህና ጎማና ደረቅ አስፋልት ካለ 8 ሜትር ገደማ ላይ ትቆማላችሁ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የመቆሚያ ርቀት በአራት እጥፍ ያድጋል፦ 30 ላይ 4 ሜትር ተኩል የነበረው 60 ላይ 18 ሜትር ይሆናል፣ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ወደ 28 ይጠጋል። ይህ ሾፌሩ እስኪነቃ የሚሄደውን አይጨምርም። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያለው መኪና ፍሬኑ ሲረገጥ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፣ ያጉረመርማል። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ እግሩን ያነሳል፤ ማንሳት የለም፣ ረግጦ መያዝ ነው። ኤቢኤስ የሌለው አሮጌ መኪና ጎማው ተቆልፎ ሲጎተት መሪ አይሠራም። ጎማው እንደገና መሽከርከር እስኪጀምር ብቻ እግራችሁን ላላ አድርጉና መልሳችሁ ያዙ።

ከዚያ በ12 ሜትር ራዲየስ ክብ ሥሩ። ለዚህ ገመድና ጠመኔ በቂ ነው። ቀስ ብላችሁ ፍጥነት ስትጨምሩ 30 እና 35 ኪሎ ሜትር መካከል የፊት ጎማዎች መጮህ ይጀምራሉ፣ መኪናውም ከክቡ ወደ ውጭ ይሰፋል። ሁሉም ሰው እዚህ ጋ መሪውን ይበልጥ ያጠመዝዛል፤ አይጠቅምም። ጎማ የመያዝ አቅሙ የተወሰነ ነው፤ ለመዞር፣ ለመቆምና ለመጎተት የሚያካፍለው ያንኑ ነው። ሲያልቅ ተጨማሪ መጠምዘዝ የሚያመጣው ጩኸት ብቻ ነው። ነዳጅ በቀስታ ላላ፣ መሪውም ትንሽ መለስ ይበል፤ ፊቱ ራሱ ይይዛል። እግር በድንገት ማንሳት ወይም ክቡ መሀል ላይ ፍሬን መርገጥ ግን ክብደቱን ወደ ፊት ያስኬድና ኋላውን ያስወጣዋል። ኋላ ከወጣ ዓይናችሁን መሄድ ወደምትፈልጉበት ላኩ፤ እጅ ዓይንን ተከትሎ መሪውን ወደዚያው ይመልሰዋል። ግራም ቀኝም እኩል ዙሩ፣ አብዛኛው ሰው አንዱ ጎኑ ደካማ ነው።

ዚግዛጉ፦ ብዙ ሰው የሚወድቅበት

አምስት ጀሪካን በአንድ ቀጥታ መስመር፣ በየ15 ሜትሩ። በ25 ኪሎ ሜትር ማንም ያልፈዋል። በ35 ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይፈጠራል፦ የመጀመሪያው ይታለፋል፣ ሁለተኛው ለጥቂት ሳይገጭ ይቀራል፣ ሦስተኛው ላይ መኪናው ሰፍቶ ይወጣል፣ አራተኛው ይወድቃል። ሾፌሩ አራተኛው ላይ እንደተሳሳተ ያስባል። ስህተቱ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው።

ምክንያቱ መዘግየት ነው። ጀሪካኑ ከመስኮቱ ጎን ሲደርስ መሪ የሚያዞር ሰው መኪናው ምላሽ እስኪሰጥ፣ ክብደቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እስኪሻገር ድረስ ብዙ ሜትር ይሄድበታል። ያንን ለማካካስ ቀጣዩን ከበፊቱ ይበልጥ አጥብቆ ይዞራል። መዘግየቱ በእያንዳንዱ ጀሪካን ላይ እየተደመረ ስለሚሄድ መጨረሻው ላይ መኪናው ሊያደርገው የማይችለውን ይጠይቀዋል።

መድኃኒቱ ቀድሞ መዞር ነው። የፊት ኮፈን ጀሪካኑ ጋ ከመድረሱ በፊት መሪው ወደ ቀጣዩ አቅጣጫ መመለስ ይጀምር። በትክክል ሲሠራ መኪናው ለጀሪካኑ በጣም የሚቀርበው ጀሪካኑ ከኋላ በር አጠገብ ሲሆን ነው፤ በዚያ ሰዓት አፍንጫው ወደ ቀጣዩ ዞሯል። መጀመሪያ ላይ ጀሪካኑን በኋላ ጎማ የምትጨፈልቁት ይመስላችኋል። ጥቂት ጨፍልቁ፣ ጀሪካን ርካሽ ነው። ርቀቱን ዓይናችሁ የሚለካው እንዲህ ነው።

ዓይን የሚቀመጥበት ቦታም ሌላው ግማሽ ነው። ቅርብ ያለውን ጀሪካን የሚያይ ሰው ይገጨዋል፣ ምክንያቱም እጅ ዓይን ወዳረፈበት ይሄዳል። አንደኛው ጋ ስትደርሱ ዓይናችሁ ሦስተኛው ላይ ይሁን። ይህ ብቻውን ቶሎ አይመጣም፤ አጠገብ የተቀመጠ ሰው በየጀሪካኑ «ቀጥሎ! ቀጥሎ!» እያለ ይጩህ። በአንድ ዙር ከአንድ በላይ እርማት ግን አይስጥ። ስለ እጅም ስለ እግርም ስለ ፍጥነትም እየተነገረው የሚነዳ ሰው አንዱንም አይዝም።

የነዳጅ እግር በዚግዛግ ውስጥ ጸጥ ይበል። መጀመሪያውን ቀስ ብሎ ገብቶ እየጨመሩ መውጣት በፍጥነት ገብቶ መሀል ላይ ፍሬን ከመያዝ ሁልጊዜ ይፈጥናል። በዚህ ርቀት ላይ 40 ኪሎ ሜትር ለተራ የቤት መኪና ጣሪያው ነው፤ ከዚያ በላይ ለመሄድ አትድከሙ።

ውድድሩ

ሦስቱን መልመጃ አገናኝታችሁ አንድ መንገድ ሥሩ፦ መነሻ፣ ዚግዛግ፣ ሰፊ ዙሪያ፣ በጀሪካን የተከለለ የመቆሚያ ሳጥን። ከመንዳት በፊት ሦስት ጊዜ በእግር ሂዱበት፣ አንዱን ጊዜ በሾፌሩ ዓይን ከፍታ ልክ ጎንበስ ብላችሁ። ጀሪካን ሲደራረብ መንገዱ ከወንበር ላይ ሌላ ነው የሚመስለው። ፍሬን የምትይዙበትን ቦታ በመሬቱ ስንጥቅ ወይም ጠቃጠቆ ምልክት ያዙለት።

ሰዓት በሞባይል ይበቃል። በአሜሪካው ደንብ አንድ ኮን 2 ሰከንድ ያስቀጣል፣ በር የዘለለ ዙሩ አይቆጠርለትም። ለእያንዳንዱ ሰው አራት ዙር ስጡ፣ ጥሩው ይያዝለት። የተለያየ መኪና አታወዳድሩ፤ ሁሉም በአንድ መኪና ቢነዳ ውጤቱ ስለ ሾፌሩ ይናገራል። ሜዳ ላይ ሁልጊዜ አንድ መኪና ብቻ። ጀሪካን የሚያነሱት ሰዎች ከኩርባው ውጨኛ ጎን አይቁሙ፣ ጀርባቸውን ለመኪና አይስጡ፣ ስልክ አይነካኩ። አንዱ ቀይ ጨርቅ ይያዝ፤ ጨርቁ ሲውለበለብ ሾፌሩ ወዲያው ይቆማል። እሳት ማጥፊያ መነሻው ጋ ይቀመጥ።

በየሁለት ዙሩ ሞተሩን አሳርፉ፣ የሙቀት መለኪያውን እዩ። ከዙር ስትመለሱ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ የጋለ ሸራ ሊጣበቅ ይችላል። ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ።

ክረምት ሲገባ ሜዳውን አትተዉት፣ ፍጥነቱን ግን በሲሶ ቀንሱ። ከበጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ከአቧራና ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ከሁሉም የባሰ ያዳልጣል፤ ወደ ደባርቅ ወጥቶ ከዚያም በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ለሚወርድ ሰው ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም። እዚያ ቁልቁለቱ ላይ የሚሠራው ያው ነው፦ ፍሬኑን ከኩርባው በፊት በቀጥታው ላይ መጨረስ፣ ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ፣ ዓይንን ኩርባው የሚወጣበት ላይ ማድረግ። ፍጥነቱ ግን ሜዳ ላይ ይቀራል። ልምምዱ እንዳለቀ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ፣ የጎማ አየር መልሱ፣ ወደ ከተማ ከመውጣታችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ በሉ፤ ከሜዳ የወጣ ሰው 60 ኪሎ ሜትር ቀርፋፋ ይመስለዋል።