የአዳኝን ጠመንጃ በጥይቱ እንዴት መለየት ይቻላል?

ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብላችሁ አጠገባችሁ ሁለት ሰዎች ስለ አደን ቢያወሩ ጨዋታው ቶሎ ወደ ቁጥር ይገባል። አንዱ «ሠላሳ ዜሮ ስድስት» ይላል። ሌላው «እሱ ምን ያደርጋል፣ ሦስት መቶ ሰባ አምስት እያለ!» ይላል። ለማያውቅ ሰው የሎተሪ ዕጣ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

አብዛኞቻችን ስለ ጠመንጃ ስንጠይቅ ከስሙ እንጀምራለን። ማውዘር ነው? ዊንቸስተር ነው? እኔ የምላችሁ ግን ከጥይቱ ጀምሩ። እንስሳው ዘንድ የሚደርሰው ጥይቱ ነው። ዊንቸስተር ሞዴል 70ን ውሰዱ። ከ1936 ጀምሮ ለትንሽ አውሬም ለጎሽም በሚሆን የተለያየ ጥይት ሲሠራ ኖሯል። ስሙን ብቻ ሰምታችሁ ምን እንደሚታደንበት አታውቁም። ጥይቱን ካወቃችሁ ግን ባለቤቱ ምን ሊያድን እንዳሰበ ትደርሱበታላችሁ።

ሁለት ነገር ልበልና ልቀጥል። የጠመንጃና የጥይት ዓመቶችን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ደግሞ ይህ ጽሑፍ ለማወቅ እንጂ ለመግዛት አይደለም። መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ማደንም የራሱ ፈቃድና ኮታ አለው።

1. መጀመሪያ ጥይቱን በታትናችሁ አስቡት

በአፍ ልማድ ሁሉንም «ጥይት» እንላለን። አዳኝ ሲያወራ ለመከተል ግን መለየት ይጠቅማል። የናሱ ቤት ቀለህ ነው። በውስጡ ባሩድ አለ። ጫፉ ላይ ተሰክቶ የሚታየው፣ ሲተኮስ ወጥቶ የሚሄደው አረር ነው። ከቀለሁ ቂጥ መሃል ያለችው ትንሽ ክብ ደግሞ እሳት መጫሪያዋ ናት። የጠመንጃው መርፌ እሷን ሲመታ ባሩዱ ይቀጣጠላል።

የተተኮሰ ቀለህ ቂጡን ብታዩት እዚያች ክብ ላይ ስርጉድ ያለ ምልክት አለ። ቸርችል ጎዳና ካሉት የባህል ዕቃ መሸጫዎች በአንዱ ያረጀ ዝናር ተሰቅሎ ብታዩ መጀመሪያ ይህንን ፈልጉ። ክቧ ለስላሳ ከሆነች፣ አረሩም ከቀለሁ ጫፍ ካልወጣ፣ ያልተተኮሰ ሊሆን ይችላል። እጃችሁን ሰብስቡ።

2. ቁጥሩን በ25.4 አባዙት

እንግሊዝና አሜሪካ በኢንች ይለካሉ፣ የተቀረው አውሮፓ በሚሊሜትር። ስለዚህ «ነጥብ ሠላሳ» ማለት 0.30 ኢንች ነው። ስልካችሁ ላይ በ25.4 አባዙት፣ 7.62 ይመጣል። ሦስት መቶ ሰባ አምስት የሚባለው 0.375 ኢንች ነው፣ ወደ 9.5 ሚሊሜትር። አራት መቶ አሥራ ስድስት 10.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቁጥሩ አንዳንዴ የአረሩ ስፋት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የቧንቧው የውስጥ ስፋት። በቧንቧው ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቦይ አለ። አረሩን የሚያሽከረክረው እሱ ነው፣ አረሩም ቦዩን እንዲይዝ ከቧንቧው ትንሽ ይሰፋል። ለዚህ ነው ሦስት መቶ ሦስት የሚባለው የእንግሊዝ ጥይት አረሩ ሲለካ 0.311 ኢንች አካባቢ የሚሆነው። ስለዚህ ስም ስለተቀራረበ ብቻ አንዱን ጥይት በሌላው ጠመንጃ አጎርሳለሁ ማለት አደጋ ነው።

3. ሁለተኛውን ቁጥር አትለፉት

ትልቁ ነገር እዚህ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ክላሽ 7.62 ነው። የአዳኙ ሠላሳ ዜሮ ስድስትም 7.62 ነው። «ታዲያ አንድ ናቸዋ!» ይባላል። አይደሉም።

በሚሊሜትር ሲጻፍ የክላሹ 7.62 በ39 ነው። ኤም 14 የተባለው የአሜሪካ ወታደር ጠመንጃ የሚጎርሰው 7.62 በ51። ሠላሳ ዜሮ ስድስት ደግሞ 7.62 በ63። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ርዝመት ነው። ቀለህ ሲረዝም ባሩድ የሚይዝበት ቦታ ይሰፋል። የክላሽ አረር 8 ግራም ገደማ ሆኖ በሰከንድ ወደ 715 ሜትር ይወጣል፣ ጉልበቱ 2,000 ጁል አካባቢ ነው። ሠላሳ ዜሮ ስድስት 11.7 ግራም አረር በሰከንድ ወደ 820 ሜትር ይልካል፣ ጉልበቱም ወደ 3,900 ጁል ይጠጋል። ስፋታቸው ከሞላ ጎደል እኩል፣ ጉልበታቸው ግን እጥፍ ለእጥፍ።

አሜሪካኖች በዚህ ሕግ አይጽፉም። «ሠላሳ ዜሮ ስድስት» ውስጥ ያለው 06 ርዝመት ሳይሆን ዓመት ነው። ጥይቱን የአሜሪካ ጦር የተቀበለው በ1906 ነው። እኛም ጋ ታሪክ አለው። የቃኘው ዘማቾች ኮሪያ ላይ የያዙት ኤም 1 ጋራንድ የሚጎርሰው ይህንኑ ነበር። አፍንጮ በር ባለው መታሰቢያቸው በኩል ስታልፉ ትዝ ይበላችሁ። ጦርነቱ አለፈ፣ ጥይቱ ግን አዳኞች እጅ ገብቶ ቀረ። ከ9.7 እስከ 14 ግራም የሚመዝን አረር ስለሚገኝለት ለድኩላም ለትልቅ አጋዘንም ይሆናል። አንድ ጠመንጃ ብቻ ይኑርህ ብትባል እሱን ምረጥ የሚሉ አዳኞች ብዙ ናቸው፣ እኔም አልቃወማቸውም።

4. የቀለሁን ቂጥ እዩ

ዋና ዋናዎቹ የቂጥ ዓይነቶች ሦስት ናቸው። የድሮዎቹ ከንፈር አላቸው፣ ማለትም ጠርዙ ከቀለሁ ገላ ወጣ ይላል። ሰናድር፣ ውጅግራና ለበን የሚባሉት የድሮ ጠመንጃዎች ጥይት ሁሉም እንዲህ ነው። ሁለተኛው የማውዘር ዓይነት ነው። ጠርዙ ከገላው እኩል ሆኖ ከበላዩ ቦይ ተቆፍሮለታል፣ የጠመንጃው ጥፍር የሚይዘው በዚያ ነው። እርስ በርሱ ስለማይጠላለፍ ጥይት ከሚደረደርበት ካዝና ያለ ችግር ይወጣል። ሦስተኛው ከቦዩ በላይ ቀበቶ የታጠቀ ነው። ሦስት መቶ ሰባ አምስት ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ፣ የ1912ቱ፣ እንዲህ ነው። ቀለሁ ሾጣጣ ስለሆነ ጥይቱ የት ድረስ ገብቶ እንደሚቆም የሚወስንለት ቀበቶው ነው።

ጽሑፉም ያለው ቂጡ ላይ ነው። በአደን ጥይት ላይ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ስምና የጥይቱ ስም ዙሪያውን ተቀርጿል። በወታደር ጥይት ላይ ደግሞ የፋብሪካ ምልክትና ዓመት ይበዛል።

5. ከዚያ ጫፉን

የወታደር አረር ዙሪያው በመዳብ ቅይጥ የተለበሰ ነው። የአዳኝ አረር ብዙውን ጊዜ ጫፉ ላይ እርሳሱ ይታያል። እንስሳው ውስጥ ሲገባ ይከፈታል፣ ቶሎም ይገድላል። በጦርነት እንዲህ ያለ የሚከፈት አረር በ1899ኙ የሄግ ስምምነት ተከልክሏል። ለአደን ግን በብዙ አገር ተፈላጊው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ቆስሎ የሚያመልጥ እንስሳ የማንም ግዳይ አይሆንም። ለዝሆን ለብቻው ድፍን አረር ይመረጣል። ወፍራም አጥንት ሰብሮ ሳይጣመም መግባት አለበት።

6. ስፋት ጉልበት እንዳይመስላችሁ

ውጅግራ የምንለው የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራስ 11 ሚሊሜትር ነው። አረሩ 25 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር አካባቢ። ሲተኮስ ጭሱ ሌላ ነው፣ ጥቁር ባሩድ ነዋ። በ1884 ፖል ቪየይ የተባለ ፈረንሳዊ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለበን በዚያ ባሩድ መጣ። ስፋቱ ወደ 8 ሚሊሜትር ወረደ፣ አረሩ 15 ግራም ሆነ፣ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ከ600 ሜትር አለፈ። ቀጭኑ ጥይት ሰፊውን በጉልበትም በርቀትም በለጠው። የዛሬ አዳኝ የሚወዳቸው ቀጫጭን ጥይቶች ሁሉ የመጡት በዚህ በር ነው።

7. አሁን ወደ ጠመንጃው ተመለሱ

መሃል ከተማ ውስጥ ዓይን ለማለማመድ ሁለት ቀን አለላችሁ። የካቲት 23 ምኒልክ አደባባይ፣ ሚያዝያ 27 ደግሞ አራት ኪሎ የድል ሐውልቱ ጋ። ጎፈር ደፍተው፣ ጠመንጃ አንግተው የሚመጡ አባቶችና ልጆቻቸው አይጠፉም። ቀረብ ብላችሁ «አባቴ፣ ጠመንጃዎን ልየው? በልጅግ ነው?» ብትሉ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ያወሩላችኋል። በአፈሙዙ ፊት አትቁሙ፣ ካልፈቀዱላችሁም አትንኩ።

ከሩቅ መለያው ይኸው። ውጭ ላይ መዶሻ ካለውና መክፈቻው ወደ ጎን የሚገለበጥ ከሆነ ሰናድር ነው፣ እንግሊዞች በ1868 ለመቅደላ ዘመቻ ይዘውት የመጡት ዓይነት። መዶሻ የሌለው፣ በመዝጊያ የሚሠራ፣ ካዝናም የሌለው ከሆነ ውጅግራን ጠርጥሩ፣ እሱ አንድ በአንድ ነው የሚጎርሰው። ለበን ጥይቱን ከቧንቧው ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ በተርታ ስለሚደረድር ከታች የሚወጣ ካዝና የለውም። በልጅጉ የቤልጅየም ሥራ ማውዘር ነው፣ ከመዝጊያው ሥር እንጨቱ ውስጥ በተደበቀ ካዝና አምስት ጥይት ይይዛል።

አዳኝ ልቡ የሚሄደው ወደዚህ ማውዘር ነው። የ1898ቱ ማውዘር መዝጊያው ጎን ላይ ረጅም ጥፍር አለው። መዝጊያውን ወደፊት ስትገፉት ጥፍሩ ጥይቱን ከካዝናው ገና ሲወጣ ቂጡን ቆንጥጦ ይይዘዋል፣ መተኮሻ ቦታው እስኪገባ አይለቀውም። መልሳችሁ ስትስቡት ደግሞ ባዶውን ቀለህ እየጎተተ ያወጣዋል። ጠመንጃው ቢዘቀዘቅ፣ አዳኙ ቢደነግጥ፣ ጥይቱ አይወድቅም፣ አይደራረብም። ጎሽ ሃያ ሜትር ላይ ሲዞርባችሁ ይህች ጥፍር ከማንኛውም መነጽር ትበልጣለች። የዊንቸስተር 70 የመጀመሪያው አሠራርም ከዚሁ የተቀዳ ነው። ሬሚንግተን 700፣ የ1962ቱ፣ ይህ ጥፍር የለውም፣ ግን ቀላልና ዒላማ የማይስት ስለሆነ ለተራራ አደን የሚወዱት ብዙ ናቸው።

8. በመጨረሻ እንስሳውን ጨምሩበት

አርሲና ባሌ ተራሮች ላይ የደጋ አጋዘን አለ፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ሳይንስ ያወቀው ዘግይቶ ነው። አይቮር ቡክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1908 አድኖት፣ በ1910 ስም ወጣለት። ትልቅ ወንዱ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አስታ ቁጥቋጦ መሃል ከገደል ማዶ ስለሚታይ የውጭ አዳኞች ፈቃድ አውጥተው ሲመጡ ርቀት የሚሄድ ጥይት ይመርጣሉ። ሠላሳ ዜሮ ስድስት ወይም የ1963ቱ ሦስት መቶ ዊንቸስተር ማግነም እዚህ ቦታ አላቸው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ግን በምንም ጥይት አይነኩም፣ ጥብቅ ናቸው።

ጎሽና ዝሆን ላይ ሒሳቡ ይለወጣል። ብዙ የአፍሪካ አገሮች ለእነዚህ ዝቅተኛው ሦስት መቶ ሰባ አምስት ነው ብለው ደንግገዋል። 19.4 ግራም አረር፣ በሰከንድ 770 ሜትር፣ ወደ 5,800 ጁል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ካራሞጆ ቤልን ያነሳል። ስኮትላንዳዊ ነው፣ ከሺህ በላይ ዝሆን የጣለ፣ አብዛኛውንም በ7 በ57 ማውዘር። እንግሊዞች ሁለት መቶ ሰባ አምስት ሪግቢ የሚሉት ይህንኑ ጥይት ነው። አረሩ 11.2 ግራም ብቻ፣ ድፍን። እውነት ነው፣ አድርጎታል። ግን ቤል የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ አስከፍሎ አንጎሉ ከየትኛው ማዕዘን የት እንደሚገኝ ያጠና ሰው ነበር። ቤልን ጠቅሶ «ትንሹ ይበቃል» የሚላችሁ ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ መጋዙስ የት አለ ብላችሁ ጠይቁት።