በረጅም የፋንታሲ ተከታታይ ላይ የሚጸና መላምት እንዴት ይሠራል?

ረጅም የፋንታሲ (በምናብ በተፈጠረ ዓለም የሚተረክ ልብ ወለድ) ተከታታይ የጀመረ አንባቢ መገመት አይተውም። አባቱ ያልታወቀው ልጅ የማን ነው? ትንቢቱ የተነገረው ለማን ነው? ከተራራው ማዶ ያለው አገር ለምን ዝም አለ? መገመቱ ቀላል ነው። ከባዱ ሌላ አንባቢ ሲሞግተው የማይፈርስ መላምት መሥራት ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ ይህን ለሚሞክር ሁለት ነገር ከቅርብ አለለት፤ በጎጃም ቅኔ ቤቶች የኖረው የሰምና ወርቅ ትምህርት፣ እና ከደጁ የተኛው ጣና። አንዱ ቃልን መመርመሪያ ነው፤ ሌላው በምናብ የተፈጠረ አገር መሬት ላይ ሊቆም ይችል እንደሆነ መለኪያ። (ከታች በምሳሌነት የሁለት የታወቁ ተከታታዮች ምስጢር ስለሚነካ ገና እያነበባችሁ ያላችሁ ልብ በሉ።)

የሚያስፈልገው

ከ5 እስከ 7 ሰው ይበቃል። ከ3 ሰው ካነሰ የሚቃወም ይጠፋል፤ ከ8 ከበለጠ ግማሹ አድማጭ ሆኖ ይቀራል። ሁሉም እስከ አንድ መጽሐፍ መጨረሻ ድረስ አንብበው ይምጡ፤ አንዱ 3ኛው ላይ፣ ሌላው 5ኛው ላይ ከሆነ የቀደመው ምስጢሩን ሳያስበው ያወጣዋል፣ የቀረው ደግሞ ሳያነብ ይፈርዳል።

25 የኤፎር ወረቀት እያንዳንዱን ለአራት ቆርጣችሁ 100 ካርድ አዘጋጁ። ጥቁር፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ፣ የታተመ የመጽሐፉ ካርታ፣ እና አንድ ክንድ ያህል የጥጥ ክር ጨምሩ። ክሩ ለካርታው ነው። ስብሰባው ሐይቁ ዳር ከሆነ ጠዋት አድርጉት። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ካርዱን ስለሚበትነው በእያንዳንዱ ክምር ላይ ጠጠር ማስቀመጥ ግድ ይሆናል።

መጀመሪያ፦ አንድ ጥያቄ ብቻ

«ይህ ገጸ ባሕሪ ምስጢር ያለው ይመስላል» ጥያቄ አይደለም፤ ምንም ቢመጣ ሐሰት ሊሆን አይችልምና። «የልጁ እናት በ2ኛው መጽሐፍ የሞተችው ሴት ናት ወይስ አይደለችም?» ጥያቄ ነው። ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉትና እስኪያልቅ ወደ ሌላ አትዝለሉ። አብዛኛው መላምት የሚበላሸው ሰዎች በማስረጃ መሐል ጥያቄውን ሳያውቁት ስለሚለውጡት ነው።

ማስረጃ መልቀም

በአንድ ካርድ ላይ አንድ ማስረጃ ብቻ ይጻፍ፤ የመጽሐፉ ቁጥር፣ ምዕራፉ፣ ተናጋሪው፣ ከዚያ ቃሉ እንዳለ። ቀለሙን የሚወስነው የምንጩ ዓይነት ነው። ተራኪው ገጸ ባሕሪ በዓይኑ ያየው በጥቁር፣ ከሌላ የሰማው በሰማያዊ፣ ሕልም፣ ትንቢትና ዘፈን በቀይ። ምዕራፎቹ በተለያዩ ገጸ ባሕርያት ዓይን የሚተረኩ ከሆነ ጥቁሩም ቢሆን ፍጹም እውነት እንዳልሆነ አስታውሱ። ሰውየው ያየውን ያያል እንጂ ያየውን በትክክል ተረድቷል ማለት አይደለም።

ለአንድ ጥያቄ ከ12 ካርድ ያነሰ ከተገኘ ገና አላነበባችሁም። 30 ካርድ ተገኝቶ ጥቁሩ ከ4 ካነሰ ደግሞ መላምቱ በወሬና በሕልም ላይ የቆመ ነውና አቆዩት።

እዚህ ላይ በአማርኛ ለምንወያይ ሰዎች የተለየ ወጥመድ አለ። እንግሊዝኛው «አንድ ሰው ይመጣል» ብሎ ጾታ ሳይለይ ሊያልፍ ይችላል፤ አማርኛ ግን «ይመጣል» ወይም «ትመጣለች» ማለት ግድ ይለዋል። «አንተ» ወይስ «እርስዎ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ካርዱን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ደራሲው ያልመለሰውን ጥያቄ በአንዲት ፊደል መልሶ ያልፋል። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። በጆርጅ አር አር ማርቲን «የበረዶና የእሳት መዝሙር» ተከታታይ 4ኛ መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 2005) አንድ አረጋዊ ሊቅ በሕይወቱ መጨረሻ የሚደርስበት ነገር ይኸው ነው። ለዘመናት «ልዑል» እየተባለ የተጠበቀው ሰው ሴት ሊሆን ይችል ነበር፤ በጥንቱ ቋንቋ ቃሉ ጾታ አይለይምና ያሳሳተው ትርጉሙ ነው። ስለዚህ ቃሉን በተጻፈበት ቋንቋ ገልብጡት፤ አማርኛውን በካርዱ ጀርባ አድርጉት። ስምም እንዲሁ ነው። ሁለት ስሞች በፊደላችን ሲጻፉ የማይመሳሰሉ ሆነው በመጀመሪያው አጻጻፍ ግን ከአንድ ሥር የተገኙ ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድም፣ አንድም

የሥራው ልብ ይህ ነው። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ አንዱን ፍቺ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ እንደገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያመጣል። ሁለተኛው መጣ ተብሎ የፊተኛው አይሰረዝም፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ለጥያቄው ቢያንስ ሦስት መልስ አስቡና እያንዳንዱን በራሱ ወረቀት አናት ላይ ጻፉ። ከሦስቱ አንዱ የማትወዱት መልስ ይሁን።

ከዚያ ካርዶቹን አንድ በአንድ አንሡና በሦስቱም ፊት ጠይቁ፤ ይደግፋል፣ ይቃወማል ወይስ ዝም ይላል? ለሦስቱም እኩል የሚመሰክር ካርድ ለማንም አልመሰከረም፤ ከጠረጴዛው ይውረድ። ከ30 ካርድ ግማሹ እንዲህ ሲወርድ ማየት ያስደነግጣል፤ ይሁን እንጂ ይህ ነው ትክክለኛው ምልክት። ለምሳሌ «ልጁ ጥቁር ፀጉር አለው» የሚለው ካርድ፣ ለአባትነት የታሰቡት ሦስቱም ሰዎች ጥቁር ፀጉር ካላቸው፣ ሃያ ጊዜ ቢጠቀስም ዋጋ የለውም። የሚፈለገው አንዱን ደግፎ ሌላውን የሚጥል ካርድ ነው። በስተመጨረሻ ብዙ ደጋፊ ያለው ሳይሆን ጥቂት ተቃዋሚ ያለው መልስ ይቅደም።

ወርቁን የሚሸከም ቃል አለ?

የተሰወረ ትርጉም አገኘሁ የሚል ሰው መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ ቅኔ አስቀድሞ አዘጋጅቶለታል። በሰምና ወርቅ ወርቁ እንዲሁ ከአየር አይመጣም፤ ሰሙንም ወርቁንም ባንድነት የሚሸከም ኅብረ ቃል አለ። ኅብረ ቃሉ ከሌለ ወርቁ የሰሚው ፈጠራ ነው። በልብ ወለዱም «ይህ ትዕይንት በድብቅ ስለ ንጉሡ ሞት ነው» የሚል ሰው ሁለቱን ትርጉም የሚሸከመውን ቃል፣ ዕቃ ወይም ድርጊት በጣቱ ያሳይ። ማሳየት ካልቻለ ሐሳቡ ውብ ሊሆን ይችላል፤ መላምት ግን አይደለም። ሰሙም መጀመሪያ ይፈታ፤ ትዕይንቱ ላይ ላዩን ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያልቻለ ወደ ወርቁ አይለፍ።

ስም፣ ትንቢትና የተደበቀ ወራሽ

በፋንታሲ አንባቢ ዘንድ ከሁሉ የበዛው መላምት በእነዚህ ሦስት ዙሪያ ነው፤ በሦስቱም የኛ ታሪክ ጥሩ መመዘኛ ይሰጣል።

ካሣ፣ ቴዎድሮስ፣ አባ ታጠቅ። ሦስት ስም፣ አንድ ሰው፤ የመጀመሪያው የልደት፣ ሁለተኛው የመንግሥት፣ ሦስተኛው የፈረስ ስም። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉ ስሞችን በዚህ መልክ ለዩዋቸው፤ ማን፣ መቼ፣ በማን አፍ በየትኛው ስም ተጠራ? ሁለት ስም በአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ ቦታ፣ በተለያየ ሥራ ላይ ከተገኙ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ መላምቱ እዚያው ያልቃል።

ትንቢትን በተመለከተ አንባቢዎች ደጋግመው የሚስቱት፣ ትንቢት ሰውን ፈልጎ ያገኛል ብለው ማሰባቸው ነው። ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው የትንቢት መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚመጣ ተነግሮ ነበር። ደጃዝማች ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ያንን ስም መረጡ። ሰውየው ወደ ትንቢቱ ሄደ። ስለዚህ «ምልክቶቹ ሁሉ በእሱ ላይ አሉ» ስትሉ በእያንዳንዱ ምልክት ጎን ጻፉ፤ በራሱ ፈቃድ ሊያደርገው የሚችለው ነው ወይስ አይደለም? ስም፣ ሰይፍና ዘውድ በፈቃድ ይገኛሉ። የተወለዱበት ሌሊትና የእናት ማንነት አይገኙም። ክብደት ያላቸው ሁለተኛዎቹ ናቸው።

የተደበቀ ወራሽ ሲታሰብ ደግሞ ወህኒ አምባን አስቡ። በጎንደር ዘመን የነገሥታት ዘሮች እዚያ ይጠበቁ ነበር፤ ጠባቂ፣ ስንቅ አቅራቢ፣ መልእክተኛ ያስፈልጋቸዋል። ወራሽን መደበቅ ልጁን ብቻ ሳይሆን የሚያውቁትንም ሁሉ መደበቅ ነው። ምስጢሩን ማወቅ ግድ የሚላቸውን ሰዎች ቁጠሩና የእያንዳንዱን ዝምታ ምክንያት ጻፉ። ሦስት ሰዎች ያለ ምክንያት ለ15 ዓመት ዝም ካሉ መላምቱ ተሰንጥቋል። የልደት ጥያቄ ከሆነ ዘጠኝ ወር ወደኋላ ቁጠሩ፤ አባት የተባለው ሰው ያን ጊዜ የት ነበር? የመጽሐፉ ዓለም ዓመት ስንት ወርና ስንት ቀን እንዳለው ሳታረጋግጡ ግን አትቁጠሩ። 13 ወር ባለው አገር የምንኖር ሰዎች ይህንን ልንስት አይገባም።

ዓለሙን በጣና መለካት

ክሩን በካርታው ላይ በመንገዱ ጠመዝማዛ ተከትላችሁ አስተኙት፣ ከዚያ ዘርግታችሁ በማስመሪያ ለኩት፣ በካርታው መስፈሪያ አባዙት። ማስመሪያን በቀጥታ ካርታው ላይ ማሳረፍ ተራራና መታጠፊያን ስለሚዘል መንገዱን ያሳጥረዋል። ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጠንካራ እግረኛ 6 ቀን ይፈጅበታል። ይህን እንደ መለኪያ ዱላ ያዙትና ገጸ ባሕሪው «በሦስት ቀን ደረሰ» የተባለበትን መንገድ መዝኑበት።

ሠራዊት ከሆነ ሒሳቡ ወደ ስንቅ ይዞራል። 10,000 ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 1 ኪሎ እህል ቢበላ 100 ኩንታል ነው። ለ20 ቀን 2,000 ኩንታል። አንድ በቅሎ አንድ ኩንታል ብትሸከም 2,000 በቅሎ፤ የበቅሎዎቹን መኖ ገና አልቆጠርንም። አድዋ ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከመዋጋታቸው በፊት ሁለቱም ወገኖች ስንቅ እያለቀባቸው ነበር። እንግዲህ በመላምታችሁ «በምሥጢር በበረሃ አቋርጦ የሚመጣ» ጦር ካለ፣ ምን እየበላ ነው የሚመጣው? መልሱ በመጽሐፉ ውስጥ ከሌለ ጦሩም ላይኖር ይችላል።

ስለ ውኃ ሦስት ነገር። ጣና ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር አካባቢ ነው። «ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ከሥሩ አውሬ ተደብቋል» የሚል መላምት እዚህ ይወድቃል፤ ስፋት ጥልቀትን አይመሰክርም። ሁለተኛ፣ 40 ሜትር ያህል የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ያግዳል። ከሌላው ተለይተው በመኖራቸውም በጣና ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል ባርበስ የተባለ ዓሣ ዝርያዎች ወጥተዋል። በመጽሐፉ ዓለም ለሺህ ዓመት ተቆርጦ የኖረ ሸለቆ ካለ እንስሳው፣ ቋንቋውና እህሉ ከውጭው የተለየ መሆን አለበት። ከውጭው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ወይ ደራሲው ዘንግቷል፣ ወይ ሸለቆው እንደሚባለው አልተቆረጠም፤ ሁለተኛው ጥሩ የመላምት መነሻ ነው። ሦስተኛ፣ ደሴት። በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አጽምና የብራና መጻሕፍት የተጠበቁት ውኃ ስለከበባቸው ነው፤ ነገር ግን ደሴት ያለ ታንኳ አይኖርም። የጠፋው መጽሐፍ በደሴት ላይ ነው ካላችሁ ታንኳውን የሚቀዝፈውን ሰው ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ምስጢሩን የሚያውቀው ማንም ልብ ያላለው ያ ሰው ነው።

በላ ልበልሃ

አሁን ሙግት። አንድ ሰው መላምቱን ያቅርብ፣ አንዱ ይሟገተው፣ እንደ ጥንቱ በላ ልበልሃ። ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ፤ ሁለቱም ካርድ ሳያነሱ አይናገሩ። ተሟጋቹ መላምቱን የሚወደው ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ የት እንደሚሰነጠቅ የሚያውቀው እሱ ነው። በአንድ ካርድ ብቻ የተንጠለጠለ መላምት እዚህ አይለፍ። ደራሲም ይሳሳታል፤ ማርቲን በመጽሐፎቹ መካከል የአንድ ፈረስ ጾታ እንደተቀየረበት ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ከተለያዩ ምዕራፎች ቢያንስ ሁለት ጥቁር ካርድ ይጠየቅ።

መጻፍና ማሸግ

የተረፈውን በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ጥያቄው፣ የቀደመው መልስ፣ አምስት ምርጥ ካርዶች፣ ሁለተኛው «አንድም»። ከሥሩ አንድ መስመር ይጨመር፦ «በሚቀጥለው መጽሐፍ ይህ ከታየ መላምቱ ፈርሷል»። ይህ መስመር ባዶ ከቀረ ከመጀመሪያው ጥያቄ እንደገና ጀምሩ። ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙና በአንድ ደብተር ውስጥ አጣብቁት፤ ከዚያ በኋላ አይታረምም። ሐሳብ ከተለወጠ አዲስ ገጽ ይጻፋል።

አዲሱ መጽሐፍ ሲመጣ ካርታውን፣ የትውልድ ሐረጉንና ከጀርባ ያለውን የቃላት መፍቻ ሳታነቡ አትፍረዱ። በሮበርት ጆርዳን «የጊዜ መንኮራኩር» 5ኛ መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 1993) ላይ የተገደለውን ሰው ማን እንደገደለው አንባቢዎች 17 ዓመት ተከራክረዋል። ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ2007 ካረፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው 13ኛው መጽሐፍ የገዳይዋን ስም በግልጽ ያሰፈረው በቃላት መፍቻው ውስጥ ነው። መላምቱ ቢፈርስም ካርዶቹን አትጣሉ። የወደቀውን መልስ ወረቀት ብቻ አንሡና ካርዶቹን በቀሩት ሁለት «አንድሞች» ፊት መልሳችሁ ደርድሯቸው።