ውጭ አገር መኪና ሲከራዩ ለነዳጅ ሁለት ጊዜ የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ጉዞው አልቋል፤ መኪናው ተመልሷል፤ ቁልፉም ተሰጥቷል። ከቀናት በኋላ ከካርድዎ ላይ ገንዘብ ይቆረጣል። አከራዩን ሲጠይቁ መልሱ አጭር ነው፦ «የነዳጅ ነው»። አምስት ሊትር ይህን ያህል ያወጣል እንዴ? አያወጣም። እንዲህ ባለው ሂሳብ ውስጥ ነዳጁ ብዙ ጊዜ ትንሹ ክፍል ነው። አከራዮች የጎደለውን የሚያስከፍሉት ማደያ ላይ በተለጠፈው ዋጋ አይደለም፤ ራሳቸው ባወጡት የሊትር ዋጋ ነው። በዚያ ላይ ሠራተኛ መኪናውን ወስዶ ለሞላበት የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። ታክስም አለ። የጎደለው ትንሽ ነው ተብሎ የአገልግሎት ክፍያው አይቀንስም።

ይህን ሁሉ እንደገና ሳይጠይቁዎት የሚቆርጡት ደግሞ እርስዎ ስለፈቀዱላቸው ነው። መኪናውን ሲረከቡ በፈረሙት ውል ውስጥ ተጽፏል። ስለዚህ ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ ማደያ ጋ አይደለም የሚፈጸሙት። ቁልፍ የሚሰጡበት ጠረጴዛ ፊት ነው፤ አንዳንዶቹም ገና ከቤት ሳይወጡ፣ ስልክ ላይ።

የቀኑን ኪራይ ብቻ አይቶ መምረጥ

ዋጋ የሚያወዳድሩ ድረ ገጾች መኪኖቹን የሚደረድሩት በኪራዩ ዋጋ ነው። የነዳጅ ደንቡን ለማግኘት ግን ወደ ታች ወርዶ፣ ተጭኖ፣ ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ይጠይቃል። ደንቡ በአብዛኛው ከሦስት አንዱ ነው።

«ሙሉ ተረክቦ ሙሉ መመለስ» የሚለው ለብዙ ሰው የሚበጀው ነው። የሚከፍሉት ለነዱበት ብቻ ነው፤ ማደያውንም ራስዎ ይመርጣሉ።

«ሙሉ ተረክቦ ባዶ መመለስ» ሲሰሙት ደስ ይላል። ልሙላ አልሙላ የሚል ጭንቀት የለም። ግን ሙሉውን ታንክ አስቀድመው ከአከራዩ ገዝተዋል፤ ዋጋውን ያወጣው እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም የአገልግሎት ክፍያ አለው። የተረፈው ነዳጅ ገንዘቡ በአብዛኛው አይመለስም። 50 ሊትር የሚይዝ መኪና ወስደው 20 ሊትር ብቻ ቢያቃጥሉ፣ 30ውን ከፍለው ለአከራዩ ትተውለት ሄዱ ማለት ነው። ያንኑ 30 ሊትር ቀጣዩ ተከራይ እንደገና ይገዛዋል። «ባዶ አድርጌ እመልሳለሁ» ማለት ደግሞ ለወሬ ነው የሚቀለው። የማያውቁት ከተማ ውስጥ፣ በረራ እየደረሰ፣ የነዳጅ መብራት በርቶ መንዳት ማንም የሚመኘው ነገር አይደለም። በስፔንና በፖርቱጋል የባሕር ዳርቻ የመዝናኛ ከተሞች ኪራዩ ከሚገባው በላይ ረክሶ ካዩ መጀመሪያ የሚፈትሹት ይህ ደንብ ይሁን።

ሦስተኛው «በተረከቡበት መጠን መመለስ» ነው። ግማሽ ከተቀበሉ ግማሽ ይመልሳሉ። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን ግማሽን በትክክል መሙላት ከባድ ነው። ቢጎድል ያስከፍላሉ፤ ቢበልጥ የሚመልስልዎ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓ ኮሚሽንና የአገራቱ የሸማች ጥበቃ ባለሥልጣናት ከአምስት ትልልቅ አከራዮች ጋር ተነጋግረው ነበር። ኤቪስ በጀት፣ ኢንተርፕራይዝ፣ ዩሮፕካር፣ ኸርትዝና ሲክስት ናቸው። ድርጅቶቹ አሠራራቸውን ለማሻሻል ተስማሙ። ከተስማሙባቸው ነጥቦች አንዱ፣ ደንበኛው ሙሉ ተረክቦ ሙሉ የመመለስ ምርጫ ሁልጊዜ ይኑረው የሚል ነው። ስለዚህ በአውሮፓ ከእነዚህ ከአንዱ የሚከራዩ ከሆነ ያንን ምርጫ አፍ ሞልቶ መጠየቅ ይቻላል። ስሙን ሰምተውት ከማያውቁት ርካሽ አከራይ ሲከራዩ ግን ውሉን ማንበብ የእርስዎ ሥራ ነው።

«እኛ እንሞላዋለን» ሲባል እሺ ማለት

ከረጅም በረራ ወርደው፣ ሻንጣ እየጎተቱ፣ ሰልፍ ጠብቀው ጠረጴዛው ጋ ደርሰዋል። ሠራተኛው ፈገግ ብሎ «ነዳጁን አሁን ይክፈሉ፣ ሲመልሱ አይጨነቁ፣ ሊትሩም ከማደያ ይረክሳል» ይላል። ዋሸ ማለት አይቻልም፤ በእርግጥም ሊረክስ ይችላል። ጥያቄው የስንቱን ሊትር ነው የሚሸጥልዎ የሚለው ነው። የሚሸጠው የሙሉውን ታንክ ነው።

በቁጥር እንየው። ሊትሩ ከማደያው 10 በመቶ ይርከስ። መኪናውን ሩብ ታንክ ቀርቶት መለሱት እንበል። ያኔ በእርግጥ ለተጠቀሙበት ለእያንዳንዱ ሊትር ከማደያው ዋጋ 20 በመቶ አስበልጠው ከፍለዋል። ግማሽ ታንክ ቢቀር ደግሞ ልዩነቱ 80 በመቶ ይሆናል።

ይህ ምርጫ የሚያዋጣበት ጊዜ የለም አልልም። ረጅም መንገድ ነድተው ታንኩን ሊጨርሱት ከተቃረቡና በረራዎ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከሆነ፣ ለእንቅልፍዎ ብለው ቢከፍሉ አይፈረድብዎትም። ለሁለት ሦስት ቀን የከተማ ውስጥ ጉዞ ግን ኪሳራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚፈረመው ወረቀት ላይ ሳይሆን ስክሪን ላይ ነው። «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ይሉና ጣትዎን ያስነኩዎታል። ከመፈረምዎ በፊት ስክሪኑን ወደ ላይ መልሰው የነዳጁን መስመር ያሳዩኝ ይበሉ። እርስዎ ያልመረጡት ነገር እዚያ ተመርጦ ሊያገኙት ይችላሉ። ከኋላዎ ሰው ተሰልፎ ቢያጉረመርምም ግድ የለም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

የነዳጅ ጌጁን ሳያዩ ከግቢው መውጣት

ለጭረት ሲባል መኪናውን ዞሮ ፎቶ የሚያነሳው ሰው እንኳ ዳሽቦርዱን ይረሳዋል። ሞተሩን ያስነሱ፤ መርፌው እስኪረጋ ይጠብቁ፤ ከዚያ የነዳጁ መጠንና የኪሎሜትር ቆጣሪው አንድ ላይ እንዲታዩ አድርገው ፎቶ ያንሱ።

ውሉ ላይ «ሙሉ» ተብሎ ጌጁ ግን ትንሽ ጎድሎ ካገኙት አይለፉት። ብዙ አከራዮች ታንኩን በስምንት ከፍለው ነው የሚቆጥሩት። አንድ ስምንተኛ ከጎደለ ሲመልሱ እርስዎ ሊሞሉት ነው። «ምንም አይደል፣ እኛ እናውቀዋለን» የሚል የቃል መልስ አይቀበሉ። መኪናውን የሰጠዎት ሠራተኛ ሲመልሱ ላይኖር ይችላል። ርክክብ ወረቀቱ ላይ ይጻፍና ይፈረምበት።

መርፌው «ሙሉ» ስላለ ሞልቷል ብሎ ማመን

እዚህ ላይ ብዙ ጥንቁቅ ሰው ይሸወዳል። የብዙ መኪኖች ጌጅ እኩል አይወርድም። ታንኩ ከተሞላ በኋላ መርፌው ለብዙ ኪሎሜትሮች ከሙሉው ምልክት ንቅንቅ ሳይል ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከአየር ማረፊያው ርቆ የሞላ ሰው «ያው ሙሉ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ አከራዩ ደግሞ ሲሞላው የተወሰነ ሊትር ይገባለታል። ያ ሊትር ብቻውን ቢሆን ባልከፋ፤ የአገልግሎት ክፍያውን ይዞት ይመጣል።

ለዚህም ነው አንዳንድ ውሎች ከመመለሻው ቦታ በተወሰነ ርቀት ውስጥ የተሞላበትን ደረሰኝ የሚጠይቁት። ርቀቱ ስንት እንደሆነ ውሉ ላይ ይፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የተገላቢጦሽ የሆነ ነገር አለ፦ ከ75 ማይል፣ ማለትም ወደ 120 ኪሎሜትር ከሚሆነው ርቀት በታች ከነዱ፣ ደረሰኝ ካላሳዩ በስተቀር ቁርጥ ያለ የነዳጅ ክፍያ የሚቆርጡ አከራዮች አሉ። ትንሽ ነዳሁ ብሎ ማደያ አለመግባት እዚያ ያስከፍላል።

ደረሰኙ ቀን፣ ሰዓት፣ የማደያውን አድራሻና የሊትሩን መጠን የያዘ ይሁን። እዚያው ፎቶ ያንሱት። የማደያ ደረሰኝ ቀለሙ ቶሎ ይለቃል፤ ከሳምንታት በኋላ ሲፈለግ ነጭ ወረቀት ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ሲሞሉም መቅጃው ራሱ «ቀጭ» ብሎ ሲያቆም ይብቃዎ። ከዚያ በኋላ እየገፉ መጨመር ነዳጅ ያፈስሳል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ማደያ ፍለጋን ለመጨረሻው ሰዓት መተው

አየር ማረፊያው በር ላይ ያለው ማደያ ውድ የሚሆነው ሌላ ምርጫ እንደሌለዎት ስለሚያውቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከአየር ማረፊያው ሲወጡ፣ አምስት አሥር ኪሎሜትር ውስጥ ያለ ማደያ ካርታው ላይ ምልክት ያድርጉበት። በአውሮፓ የፈጣን መንገድ ላይ ማደያዎችም እንዲሁ ውድ ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ከሱፐርማርኬት ጋር የተያያዙት ማደያዎች ብዙ ጊዜ ይረክሳሉ።

ጣሊያን ውስጥ በአንድ ማደያ ሁለት ዋጋ ያያሉ። አንዱ ራስዎ ሲቀዱ፣ ሌላው ሠራተኛ ሲቀዳልዎ ነው፤ ሁለተኛው ይበልጣል። የሚቆሙበትን መስመር አይተው ይቁሙ። ሠራተኛ ከሌላቸው ማደያዎች ብዙዎቹ ደግሞ ካርድ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ የሚስጥር ቁጥሩን ካላስታወሱ ነዳጅ የለም። አይስላንድ ውስጥ ከከተማ ሲወጡ ይህ የተለመደ ነው። የአሜሪካ ማደያ ማሽኖች የፖስታ ኮድ ይጠይቃሉ፤ የውጭ አገር ካርድ ካልሠራ ውስጥ ገብቶ ለገንዘብ ተቀባዩ አስቀድሞ መክፈል ነው። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ሊትሩ ከመታወቁ በፊት ከካርዱ ላይ ከፍ ያለ ገንዘብ ለጊዜው ሊይዙ ይችላሉ። ያ ተጨማሪ ሂሳብ አይደለም፤ ይለቀቃል።

የነዳጅ ክዳኑ በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ መውረድ አያስፈልግም። በብዙ መኪኖች ጌጁ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀስት ታሳያለች። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው ጂም ሞይላን የሚባል የፎርድ ሠራተኛ ነው። ለተከራይ ከዚህ የበለጠ ውለታ የዋለ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ቤንዚንና ናፍጣን ማምታታት

ከሁሉም ውዱ ስህተት ይህ ነው። ዋስትና ገዝቻለሁ ብለው አይኩሩ፤ የተሳሳተ ነዳጅ የሚያደርሰውን ጉዳት ብዙ የኪራይ ዋስትናዎች አይሸፍኑም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ናፍጣ መኪና ውስጥ ቤንዚን መቅዳት ነው፤ የቤንዚን መቅጃው ቀጭን ስለሆነ የናፍጣ መኪናው ታንክ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል።

ቀለም አይመኑ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች አረንጓዴው እጀታ ቤንዚን፣ ጥቁሩ ናፍጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን አረንጓዴው ብዙ ጊዜ ናፍጣ ነው። ስሙም ያሳስታል፦ ስፔን ውስጥ «ጋሶሊና» ቤንዚን ሲሆን «ጋሶሌዮ» ናፍጣ ነው፤ የጣሊያኑ «ጋዞሊዮ» እና የፈረንሳዩ «ጋዞል»ም ናፍጣ ናቸው። ከጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት ማደያዎች አንድ ዓይነት ምልክት አለ። ክቡ ቤንዚን፣ አራት ማዕዘኑ ናፍጣ ነው። በአዳዲስ መኪኖች የነዳጅ ክዳን ውስጥም ያው ምልክት ይገኛል። ሰማያዊ ክዳን ያለው ትንሽ ቀዳዳ ካዩ ደግሞ የነዳጅ አይደለም፤ አድብሉ የሚባለው፣ የናፍጣ መኪና ጭስን የሚያጣራ ፈሳሽ መግቢያ ነው።

ተሳስተው ከቀዱ ሞተሩን አያስነሱ። ቁልፉንም አይዙሩት። ነዳጁ ታንኩ ውስጥ ብቻ ካለ ተመጥጦ ይወጣል፤ ሞተሩ ጋ ከደረሰ ግን ሌላ ሂሳብ ነው። አከራዩ በሰጠዎት የመንገድ እርዳታ ቁጥር ይደውሉ።

ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ጥሎ መሄድ

ቢሮው ተዘግቶ ከሆነ የዳሽቦርዱን ፎቶ በቆመበት ቦታ ያንሱ። ቢሮው እስኪከፈት ድረስ መኪናው በእርስዎ ኃላፊነት ስር እንደሆነ የሚደነግጉ ውሎች አሉ። ሰው ካለ ግን መኪናውን አብሮ እንዲያይና «ነዳጅ ሙሉ» ብሎ እንዲጽፍ ያድርጉ።

ኤሌክትሪክ መኪና ነዳጅ የለውም ብሎ መዝናናት

ባትሪውም ደንብ አለው። በስንት በመቶ እንደሚመለስ ውሉ ላይ ያንብቡ። ባትሪ ከ80 በመቶ በኋላ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፤ ስለዚህ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ሙሉ አደርጋለሁ ብለው አያስቡ። ሞልቶ ተሰክቶ ለቆየ መኪና የሚያስከፍሉ ጣቢያዎችም አሉ።

ሂሳቡ ሲመጣ «ይሁን» ብሎ ማለፍ

ዝርዝር ይጠይቁ፦ ስንት ሊትር፣ በስንት ዋጋ፣ የአገልግሎት ክፍያው ስንት። የሊትሩን ቁጥር ከራስዎ ደረሰኝና ፎቶ ጋር ያስተያዩ። ሙሉ የመለሱት መኪና ውስጥ 15 ሊትር ገባ ከተባለ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው። ቅሬታውን በስልክ አያቅርቡ፤ በኢሜይል ይጻፉና ፎቶዎቹን ያያይዙ። ስምዎን፣ የውሉን ቁጥርና የመለሱበትን ሰዓት ይጥቀሱ። አጭር ይሁን፤ ቁጣውን ለቤት ያቆዩት።

ካልተመለሰልዎ ካርዱን ለሰጠዎት ባንክ ክፍያውን እንደሚቃወሙ ያሳውቁ። ባንኮች እንዲህ ያለውን ተቃውሞ የሚቀበሉበት የጊዜ ገደብ አላቸው። አከራዩ «እያየነው ነው» እያለ ሳምንታት ቢያስቆጥርዎት ያ ቀን እንዳያልፍብዎት አስቀድመው ለባንኩ ደውለው ይጠይቁ።