ጨጓራ ነው ብላችሁ አትለፉት፦ የሐሞት ጠጠር እንዴት ይጀምራል፣ ምንስ እናድርግ?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ፋሲካ ሲያልፍ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» የሚል ሰው ይበዛል። ሁዳዴን ጾሞ፣ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ቅቤ የጠገበ ዶሮ ወጥ የበላ ሰው ሆዱ ቢታወክ አይገርምም። ግን ሕመሙ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ጀምሮ ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ትከሻ ከሄደ፣ ካስመለሰም፣ የሐሞት ጠጠርን ጠርጥሩ።

ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሐሞት ያመነጫል። ከፊሉ በሐሞት ከረጢት ይጠራቀማል፤ ከረጢቷም ውሃውን እየመጠጠች ታወፍረዋለች። ኮሌስትሮል በውሃ ስለማይሟሟ የሐሞት ጨውና ሌሲቲን የሚባል ስብ ናቸው ተሸክመው የሚይዙት። ከአቅማቸው በላይ ሲበዛ ክሪስታል፣ ማለትም የጠጠር መነሻ የሚሆን ጥቃቅን ጠጣር ቅንጣት፣ መሆን ይችላል።

ይችላል እንጂ የግድ አይሆንም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ኮሌስትሮል ከበዛበት ሐሞት ውስጥ የጠጠር ሕመምተኞቹ ቶሎ ክሪስታል ሲያወጣ የሌሎቹ ግን በጣም ዘገየ። ስለዚህ የኮሌስትሮሉ ብዛት ብቻውን መልስ አይሆንም። ተመራማሪዎች ሐሞት ውስጥ ወዳሉት ፕሮቲኖች የዞሩት ያኔ ነው።

ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ የተቀመጠ ማር አስቡ፤ ስኳሩ ድሮም ብዙ ነው፣ የአበባ ብናኝ ያለበት ግን ቀድሞ ይረጋል። በሐሞት ውስጥ ያንን ሥራ በዋናነት የሚሠራው ሙሲን ነው፣ የከረጢቷ ግድግዳ የሚያመነጨው ዝልግልግ ፕሮቲን። ኮሌስትሮል የተሸከሙትን በዓይን የማይታዩ የስብ እንክብሎች ያጣብቃቸዋል፣ ክሪስታሎቹም ወደ አንጀት እንዳይወጡ ይይዛቸዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ናቸው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ማዕዘናቸው የተቆረጠ። ኢሚዩኖግሎቡሊን (በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን) እና ሌሎች ፕሮቲኖችም በላብራቶሪ ሲፈተሹ ሂደቱን ያፋጥናሉ። በተቃራኒው አፖሊፖፕሮቲን ኤ-1 እና ኤ-2 የሚባሉት ስብ ተሸካሚ ፕሮቲኖች ያዘገዩታል። ሙሲኑ፣ ክሪስታሉና ወፍራሙ ሐሞት ተደባልቀው ሲዘቅጡ ነው የአልትራሳውንድ ውጤት ላይ «ስላጅ» ተብሎ የሚጻፈው። ስላጅ ገና ጠጠር አይደለም፤ አንዳንዴ በራሱ ይጠፋል።

ፕሮቲኑን በእጃችን አንቆጣጠረውም። ጊዜ እንዳያገኝ ማድረግ ግን እንችላለን፣ ይኸውም ከረጢቷ ቶሎ ቶሎ እንድትጨመቅ በመርዳት ነው። የምትጨመቀው ቅባት ያለው ምግብ ስትበሉ ነው። ጾሙን ተዉ አላልኩም! ስትፈቱ ግን በሶ በውሃና ቆሎ ብቻ በልታችሁ አትደሩ። ሽሮው ዘይት ይንካው፣ ተልባም ሱፍም ይኑርበት። ጠጠር ኖሯችሁ ሕመሙ የጀመራችሁ ግን ቅባት ስለሚቀሰቅስባችሁ ቀንሱ፣ የፋሲካውንም ዶሮ በጥቂቱ ጀምሩ።

ክብደት መቀነስ ከፈለጋችሁ በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ እንዳይሆን። በፍጥነት ስትከሱ ጉበት ወደ ሐሞት የሚለቀው ኮሌስትሮል ይጨምራል፣ ትንሽ ስለምትበሉ ደግሞ ከረጢቷ አትጨመቅም። እርጉዝ እህቶቼ፣ እናንተም ጋ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ኮሌስትሮሉን ያበዛል፣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ደግሞ ከረጢቷን ያዘገያታል። ስለዚህ ሕመሙ ሲመጣ «የእርግዝና ነው» ብላችሁ ዝም አትበሉ።

ለምርመራ አልትራሳውንድ ይበቃል። ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ምግብ ሳትበሉ ቆይታችሁ ሂዱ፣ ከረጢቷ ሞልታ በደንብ እንድትታይ። ከመሐል ሜዳ ወይም ከአጣዬ ወደ ደብረ ብርሃን የምትመጡ፣ ቢቻላችሁ ማታውኑ ገብታችሁ እደሩና ጠዋት በባዶ ሆድ ታዩ፤ መንገድ ላይ ቁርስ ተበልቶ ምርመራው ለነገ ሲባል ድካሙም ወጪውም እጥፍ ነው።

ጠጠር ተገኘ ማለት ወዲያው ኦፕራሲዮን ማለት አይደለም። ምልክት ካላሳየ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ ይተዋል። እየደጋገመ ካመመ ግን ከረጢቷን ማውጣት ነው ዋናው መፍትሔ፣ ያለ እሷም መኖር ይቻላል። ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የሚባለው ኪኒን ትናንሽ የኮሌስትሮል ጠጠሮችን ሊያሟሟ ይችላል፣ ወራት ይፈጃል፣ የሚያዘውም ሐኪም ነው።

ጠጠር ያወጣል እየተባለ ቲክቶክ ላይ የሚዞረውን የወይራ ዘይትና ሎሚ እባካችሁ ተዉት። ጠጥተው ሲወጣ የሚያዩት አረንጓዴ ድቡልቡል ነገር ሲመረመር ከራሱ ከዘይቱ ሆድ ውስጥ የተሠራ ሳሙና ሆኖ ተገኝቷል።

ሕመሙ ለሰዓታት አልለቅ ካለ፣ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን ነገ አትበሉ። «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ሲጨመቅለት የሚቆይ ሰው ብዙ ነው። ቱቦው በጠጠር ተዘግቶ ከሆነ ቅጠል አይከፍተውም፣ ኢንፌክሽኑም በሰዓታት ወደ ደም ሊገባ ይችላል። በዚያው ሌሊት ቢሆንም ሆስፒታል ውሰዱት።